«ይሄ ትምህርት ግን መቼ ነው የሚያልቀው?»

የፋሲካ ማግስት ነው። ገነተ ማርያም፣ እቴቴ ቤት ቁጭ ብለናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ልጃቸው ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ከማንጎው ዛፍ ባሻገር ካለችው ጉብታ ላይ ወጥቷል። እቴቴ ይቺን አጋጣሚ ሲጠብቁ እንደቆዩ ያስታውቃል። ስኒውን አቀበሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አንተም ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል። ጊዜህን ጨርሰህ መጣህ። ይሄ ትምህርት ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

ምን ልመልስላቸው? ልጃቸው አብሮ አደጌ ነው፤ አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እኔ ኢኮኖሚክስ አጥንቼ አሁን እየጻፍኩ እኖራለሁ። እሱ አውሮፓ ውስጥ በፓርቲክል ፊዚክስ የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱ እያለቀ ነው። ሰፈሩ ግን ድሮ አስመርቆታል። «ዶክተሩ» ነው የሚሉት። በመጣ በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ጎረቤታችን የደም ግፊታቸውን እንዲለካላቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። «አባቴ፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም» ቢላቸው፣ «ታዲያ የምን ነህ?» አሉት። እሱን ለማስረዳት ሲታገል አመሸ።

የእቴቴ ጥያቄ ግን ለቀልድ አልነበረም። ሦስት ነገር ተደራርቦባቸዋል። አንደኛ፣ የልጁ የሦስት ዓመት ውል መስከረም ላይ ያበቃል፤ የመመረቂያ ሥራው ግን አላለቀም። ሁለተኛ፣ አሶሳ ከተማ አንድ ድርጅት የዳታ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ደህና ነው፤ «ና፣ አመልክት» ብለውታል። ሦስተኛው ከራሳችን በላይ ነበር፤ የቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳስቷል፤ ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። አባቱ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ታናሽ እህቱ 12ኛ ክፍል ናት።

«አንተን ይሰማሃል። ምከረው» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር? ከዚህ በፊትም መክሬው ነበር። ያኔ የመከርኩትን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ልጁ እዚያ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

በሬዲዮ የመጣ ወሬ

ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 2012። እኛ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ነን። ዶክተሩ ከአባቱ ሬዲዮ አንድ ዜና ሰማ፤ «የእግዚአብሔር ቅንጣት ተገኘ» የሚል። እየሮጠ መጥቶ ነገረን። ሲመሽ ደግሞ የቤተሰቡ ንስሐ አባት ለሌላ ጉዳይ ቤት መጥተው ስለነበር ለእሳቸውም ነገራቸው። «እግዚአብሔር ደግሞ ምን ቅንጣት አለው? አፍህን ሰብስብ!» ተባለ። አባቱም ሬዲዮውን ለአንድ ሳምንት ቆለፉበት።

የተገኘው ሂግስ ቦዞን የሚባለው ቅንጣት ነበር። የቁስ መሠረት የሆኑ ቅንጣቶች ክብደት የሚያገኙት ዓለምን ሁሉ ከሞላ አንድ መስክ ጋር ስለሚነካኩ ነው የሚለው ሐሳብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ማረጋገጫው የተገኘው በ2012፣ ከ48 ዓመት በኋላ። ፒተር ሂግስ ዜናው ሲነገር አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ የ83 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ እንባውን ጠረገ። በማግስቱ ዓመት ከፍራንስዋ ኢንግሌር ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። «የእግዚአብሔር ቅንጣት» የሚለውን ስም ግን ራሱ ሂግስም አይወደውም ነበር። ስሙ የመጣው ሊዮን ሌደርማን የተባለ ፊዚክስ አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ነው። ሌደርማን «እኔ እንኳ ‹የተረገመው ቅንጣት› ልለው ነበር፤ አሳታሚው አልፈቀደም» እያለ ይቀልድ ነበር። ይሄን ያኔ ብናውቀው ኖሮ ከንስሐ አባታችን ጋር ሰላም እናወርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው። እዚሁ አገር ፊዚክስ ተማረ። ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ መጀመሪያ ያየው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱም አይሠራም ነበር። ማስተርሱን ጨረሰ። ቀጥሎ ጣልያን፣ ትሪየስት ከተማ ባለው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት አገኘ። አይሲቲፒ ይሉታል። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ፕሮግራም ነው። ከዚያ ነው የዶክትሬት ቦታ ያገኘው፤ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቦታ፣ ሥራው ግን ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሴርን።

ሲውል ምን ይሠራል?

እኔ ስለዚህ ሕይወት የማውቀው ከቴሌግራም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ቮይስ ሲልክልኝ ኖሯል። እዚህ ኔትወርክ ሲመጣ አምስት ስድስቱ ባንድ ላይ ይወርዳሉ።

መጀመሪያ የጠበቅኩት እንደ ፊልም ነበር፤ ነጭ ጋዋን፣ የሚያበራ ማሽን። «ተወው ባክህ፣ ላፕቶፕ ነው» አለኝ። ማሽኑ አለ፣ ግን 100 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ ተቆፍሯል። በውስጡ ፕሮቶኖች በግራና በቀኝ ይሮጣሉ፤ በአንድ ሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራሉ። እንዲታጠፉ የሚያደርጓቸው ማግኔቶች ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛሉ። ተቋሙ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 200 ሜጋዋት ገደማ መብራት ይበላል። ለማነጻጸር ያህል፣ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ያለው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ከ13ቱ ተርባይኖቹ የአንዱ ግማሽ ኃይል ይበቃዋል ማለት ነው።

ፕሮቶኖቹ ሲጋጩ የሚወጣውን ፍርስራሽ ትልልቅ መመርመሪያዎች ይመዘግባሉ። በሰከንድ እስከ አንድ ቢሊዮን ግጭት ይኖራል። ይሄን ሁሉ ማስቀመጥ የሚችል ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ በቅጽበት አበጥሮ በሰከንድ ጥቂት ሺዎቹን ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ይጣላል። የዶክተሩ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከተያዘው ውስጥ አንድ ዓይነት አዲስ ቅንጣት ካለ ፈልጎ ማውጣት፤ ወይም የለም ብሎ ማረጋገጥ።

ለእቴቴ በሰፌድ ነው ያስረዳቸው። «ገለባው ቢሊዮን ነው፣ ፍሬው አሥር ነው፤ ወይም ጭራሽ የለም። እኔ ሰፌዱን ነው የምሠራው።» ሰፌዱ ኮድ ነው። ኮዱን ጽፎ ከ40 በሚበልጡ አገሮች ወደሚገኙ 170 ገደማ የኮምፒውተር ማዕከላት ይልካል። ሁለት ቀን ይጠብቃል። ሥራው ሲመለስ ግማሹ ወድቋል። ለምን ወደቀ? ሌላ ሁለት ቀን። አንዴ ከላከልኝ ቮይስ አንዱን አልረሳውም፦ «አንድ መስመር ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተሳስቻለሁ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ግራፍ ተገልብጦ ነው የኖረው። ያየልኝ ሰው ኮሪያዊ ነው፤ በአካል አይቼው አላውቅም።»

ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ስብሰባ። የትኛውም ውጤት ከመውጣቱ በፊት ሌሎች የቡድኑ አባላት አንድ በአንድ እየጠየቁ ያፋጥጡታል። ቡድን ስል ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉት ሁለቱ ሙከራዎች የሂግስን ክብደት በጋራ ሲያሳትሙ ደራሲዎቹ 5,154 ነበሩ። ጽሑፉ 33 ገጽ ነው፤ 24ቱ ገጽ ስም ዝርዝር ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ለመመርመሪያው የሚጠቅም የቴክኒክ ሥራ መሥራት ግድ ነው። ዶክተሩ አንድ ዓመት የሚሆን ጊዜ በዚህ አሳልፏል። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ግን ያ ሥራ ጥቂት ገጽ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ አለ። መቆጣጠሪያ ክፍል ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ስክሪን ማየት። አረንጓዴው ቀይ ከሆነ መደወል። «ታስታውሳለህ፣ በቆሎ ከከርከሮ ስንጠብቅ?» አለኝ። «እሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ማማው ላይ ማሞቂያ አለ።»

ስም ተሸፍኖ የሚታረም ፈተና

ከሁሉም ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ዶክተሩ የሚፈልገውን ነገር እንዲያይ አይፈቀድለትም!

እንዴት አትሉኝም? አዲሱ ቅንጣት ካለ ሊታይበት የሚችለው የዳታ ክፍል ይሸፈናል። ሰፌዱን የሚሠራው በቀረው ዳታና በኮምፒውተር በተሠራ የሙከራ ዳታ ነው። ሁሉም ነገር ተጠይቆ፣ ተፈትሾ፣ ቡድኑ «እሺ፣ ክፈቱ» ሲል ብቻ ነው የሚገለጠው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው የሚመኘውን ነገር አስቀድሞ ካየ ሳያውቀው ሰፌዱን ወደዚያ ያዘነብላል። መምህር የተማሪውን ስም ሸፍኖ እንደሚያርመው ፈተና ቁጠሩት።

ከተከፈተም በኋላ ትንሽ ጉብታ ስላዩ «ተገኘ» አይባልም። ጉብታው እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ የመሆኑ ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ መሆን አለበት። ለምን እንዲህ ጨከኑ? ስለተቃጠሉ ነዋ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ሁለቱም ሙከራዎች በ750 ጂኢቪ አካባቢ አንዲት ጉብታ ማየታቸውን ተናገሩ። የዓለም ፊዚክስ ሰው ሁሉ አበደ። በጥቂት ወራት ውስጥ 500 የሚደርሱ የቲዎሪ ጽሑፎች ተጻፉ። ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ በኦገስት 2016 ጉብታዋ ጠፋች። ምንም አልነበረችም፤ አጋጣሚ ነበረች።

አሁን የዚህን ልጅ ኑሮ አስቡት። ዳታው ከተሸፈነ 14 ወር ሆኖታል። ውሉ ሊያልቅ ነው። ሲከፈት ምናልባት ባዶ ይሆናል። ስልኩ ላይ በየሳምንቱ ከቤት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጨረስክ?» ከደመወዙ ኪራይ ይከፍላል፣ ለእህቱ ይልካል። የአንድ ሳምንት ስብሰባ ላይ ለመገኘት ቪዛ ሁለት ወር ይጠብቃል፤ አንዴ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው የደረሰለት። አብረውት የሚማሩት ልጆች በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ላብራቶሪ የገቡ ናቸው። «ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲኖረኝ መጀመሪያ ሌላ ሰው ይጠይቀው ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሌላው ሰው ይጠይቀዋል፤ ጎበዝ ይባላል» አለኝ አንድ ሌሊት። ያንን ቮይስ ሁለቴ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም።

የእኔ ኤክሴል

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ እንምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዶክትሬቱን ሊጀምር ሲል «እስቲ አስላልኝ» አለኝ። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ አይደለሁ? ኤክሴል ከፈትኩ። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚለውን አትረሱትም፤ አንዱን መንገድ ስትመርጥ የተውከው የሌላው መንገድ ጥቅም ማለት ነው። አገር ቤት ቢሠራ የሚያገኘውን ደመወዝ፣ የሚያልፈውን ዕድገት፣ ለቤት ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ ደመርኩ። በሌላ በኩል ዶክትሬቱን ከጨረሱት ብዙዎቹ እዚያው ፊዚክስ ውስጥ እንደማይቆዩ አነበብኩ፤ ቋሚ የምርምር ቦታው ጥቂት ነው፤ ሰዉ ወደ ባንክ፣ ወደ ቴክኖሎጂ ድርጅት፣ ወደ ዳታ ሥራ ይበተናል። ውጤቱ ቀይ ቁጥር ሆኖ ወጣ። «አያዋጣም፣ ተወው» ብዬ ላክሁለት።

መልሱ ረጅም ሳቅ ነበር። ከሳቁ በኋላ «ሒሳብህ ልክ ነው። ግን የማን ሒሳብ ነው?» አለኝ።

ያኔ ያናደደኝ ጥያቄ ነው። አሁን ግን ሳስበው ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር።

ይሄን ጽሑፍ የምታነቡት በዌብ ነው። ዌብን ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሰበው እዚያው ሴርን ተቀምጦ፣ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲለዋወጡበት ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ሴርን «ማንም ይጠቀምበት» ብሎ በነጻ ለቀቀው። ለካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ሊኒየር አክሰለሬተር ቅንጣት የሚያፈጥን ማሽን ነው፤ የዚያ የትልቁ ዋሻ የሩቅ ዘመድ። ሰፈራችን ያለች አንዲት ሴት ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተመላልሳለች። እሷ ሂግስን አታውቀውም፤ ማወቅም የለባትም። ጥቅሙ ለማንም ይደርሳል፣ ማንንም ከልክለህ ልትሸጠው አትችልም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ፐብሊክ ጉድ እንለዋለን። እና የመጀመሪያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የሁሉም የሆነ ጥቅም በአንድ ሰው ኪስ ሲሰላ ሁልጊዜ አያዋጣም። የእኔ ኤክሴል ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። ጥቅሙ የዓለም የሆነውን ሥራ፣ ወጪውን በእቴቴ ቤት ብቻ አስልቼ «ኪሳራ ነው» አልኩ።

አውሮፓውያን ይሄን የፈቱት ወጪውን በመከፋፈል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዱም አገር ብቻውን እንዲህ ያለ ማሽን መገንባት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 12 አገሮች አዋጥተው ሴርንን መሠረቱ።

እኛስ ይሄን አናውቀውም? በደንብ እናውቀዋለን እንጂ! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል እኛ ተማሪዎች ነበርን፤ ሳንቲማችንን አዋጥተናል። እቴቴ ዶሮ ሸጠው ቦንድ ገዝተዋል፤ ወረቀቱን አሁንም ሳጥናቸው ውስጥ ከክርስትና ካርዶቹ ጋር ነው የሚያስቀምጡት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ «የእኔም አለበት» ብለዋል፤ አላቸውም። ሚሊዮኖች ስለተካፈሉት ማንም ቤት ጣሪያ አልፈረሰም። ለልጃቸው ትምህርት ግን ቦንዱን ብቻቸውን ነው የገዙት። ስድስት ዓመት ያልታደሰው ቆርቆሮ የዚያ ደረሰኝ ነው።

ከእሱ በፊት የሄዱ

ይሄ ችግር የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ዶክተሩ የተማረበትን የትሪየስት ማዕከል ታሪክ ሳነብ ነው። መሥራቹ አብዱስ ሳላም ፓኪስታናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ከካምብሪጅ ዶክትሬቱን ይዞ ላሆር ተመለሰ። የሚያነበው አዲስ መጽሔት፣ የሚያወራው ባልደረባ የለም። ኮሌጁ ከማስተማር ሌላ የእግር ኳስ ቡድኑን እንዲያሠለጥን ሰጠው። ሦስት ዓመት ታገለ። በ1954 አገሩን ወይ ፊዚክስን መምረጥ ነበረበት፤ እያዘነ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሌላ ሰው እንዲህ ዓይነት ምርጫ እንዳይገጥመው ብሎ በ1964 ያንን ማዕከል አቋቋመ። የታዳጊ አገር ተመራማሪ እየመጣ፣ ዕውቀቱን እያደሰ፣ ወደ አገሩ እንዲመለስ። በ1979 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት የፊዚክስ ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ከእኛው አገር ደግሞ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ አሉ። የእሳቸው መስክ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታሰሩ። እስር ቤት ውስጥ ሆነው አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ህንድ ባንጋሎር ሄደው ነው። ተመልሰውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። «ይሄ ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚለውን ጥያቄ እሳቸውም ቤት ሳይጠየቅ የቀረ አይመስለኝም።

ዛሬ መንገዱ ከዚያ ዘመን ይሻላል፤ ይሄን ስልካችሁ ላይ ለምታነቡ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። ኢትዮጵያ የሴርን አባል አይደለችም፤ ነገር ግን ሴርን አባል ካልሆኑ አገሮችም የክረምት ተማሪዎችን ይቀበላል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እውነተኛ የግጭት ዳታ በነጻ ለሕዝብ ከፍቷል። አዳዲስ የምርምር ጽሑፎች አርካይቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወጣሉ፤ በእኛ ሰዓት ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ፤ አሶሳ ያለ ልጅም ሃርቫርድ ያለ ፕሮፌሰርም እኩል ያነባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤትም በየጊዜው ከተለያየ የአፍሪካ አገር ተማሪ ይሰበስባል። በሩ ጠባብ ነው፣ ግን አልተዘጋም።

ጉብታው ላይ የመጣው መልዕክት

ዶክተሩን የመከርኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ማንጎው ሥር ተቀመጥን። የእናቱን ጥያቄ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። የአሶሳውን ሥራ ቢወስድ ሽንፈት እንዳልሆነም ነገርኩት፤ ደግሞ አይደለም። የሚያውቀው የዳታ ሥራ እዚህም ያስፈልጋል፤ ቤቱም ያስፈልገዋል። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ከመስከረም በኋላ ስድስት ወር ግማሽ ቀን እያስተማርኩ የምቆይበት ነገር አማካሪዬ አግኝቶልኛል። ለራሴ ትበቃለች። ለቤት የምልከው ግን አይኖረኝም» አለኝ። ያ ነበር ጉዳዩ። ቁጥር ሳይሆን ጣሪያ።

ወደ ማታ ጉብታው ላይ ሆኖ ሲጮህ ሰማን። እህቱ የሞተ ሰው መርዶ መስሏት ደነገጠች። የመጣው መልዕክት አንድ መስመር ነው፤ ቡድኑ ዳታው እንዲከፈት ፈቅዷል። 14 ወር የጠበቀው ነገር በገነተ ማርያም ጉብታ ላይ፣ በሁለት ባር ኔትወርክ መጣ። የሚከፈተው እሱ ሲመለስ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ እስካሁን ማንም አያውቅም፤ ቢያውቅም እስኪታተም አይነግረኝም።

እቴቴ ሰሙት። ጥቂት አሰቡና፦ «ተከፍቶ ባዶ ቢሆንስ?» አሉት።

«ባዶ መሆኑም ይጻፋል፣ እናቴ። እዚህ ቦታ የለም ብለን እንጽፋለን፤ ሌላው ሰው ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በእሱም ይመረቁበታል።»

እቴቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላም የጠፋበት ሰው እኮ እንደዚያው ነው» አሉ። «‹በወንዙ በኩል የለችም› ብሎ የሚነግርህ ሰው ደክሞልሃል። እሱንም ቡና ታጠጣዋለህ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በቮይስ ሲያስረዳኝ እንዲህ አልገባኝም ነበር።

«እንግዲህ ሂድና ጨርሰው» አሉ ቀጥለው። «ጣሪያው አንድ ክረምት ይጠብቃል።»

እኔ ግን ቆርቆሮው አንድ ክረምት እንደማይጠብቅ ከታች ቁጭ ብዬ ሰማዩን በቀዳዳው እያየሁ ነበር። በማግስቱ አሶሳ ሄጄ ከመጻፍ ካገኘኋት ገንዘብ ስምንት ቆርቆሮና ሚስማር ገዛሁ። ሁለት የሰፈር ልጆች ጨመሩበት፤ አንዱ የማገር እንጨት አመጣ። ያ የደም ግፊት ሊለካ የመጣው ሽማግሌ ሳይቀሩ ሁለት ብር ከመቀነታቸው ፈትተው «ለዶክተሩ» ብለው ሰጡ። ዶክተሩ ከመሄዱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እኔና እሱ ጣሪያው ላይ ወጥተን መታን። እሱ ሚስማር ሲመታ በጣም ቀሽም ነው።

እቴቴ ከታች ሆነው «ስንት አወጣህበት? እከፍልሃለሁ» አሉኝ።

«ቦንድ ነው እቴቴ» አልኳቸው። «እኔም ልግዛ።»